ሳትወድቅ የምትውልበት ቀን

ጅማ መርካቶ ውስጥ ሰው ድንገት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «ክብሪት!» የሚል ነው። «ክብሪት አምጡ! ኧረ ክብሪት!» የሚያጨሰው ከኪሱ ያወጣል። ባለሱቁ ፓኬቱን ይወረውራል። ባለባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ይሮጣል። ሦስት አራት እንጨት ባንድ ላይ ይጫርና ጭሱ ከወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ይያዛል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያለብሱታል። አንዱ ቢስሚላህ ይላል፣ ሌላው ያማትባል። ትንሽ ቆይቶ መንዘፍዘፉ ይቆማል። «ክብሪቱ ነው» ይባላል። ሰውም ወደየሥራው ይበተናል።

ክብሪቱ አይደለም። የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይለቃል፤ ክብሪት ተጫረም አልተጫረም። ይህን የምለው ግን ክብሪት ያመጣውን ሰው ለማሳጣት አይደለም። ሰውየው ሥራውን ጥሎ ሮጧል። የእናትየዋ ነጠላ ጭቃ ነክቷል። የጅማ ሰው አያዝንም የሚለኝ ካለ አልስማማም። እንዲያውም በማዘን በኩል ሞልቶ ተርፎናል።

የጎደለን ሌላ ነው። ያንን ሰው የምናውቀው በወደቀባት በሦስቷ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ቀኑን አናውቀውም። ምን እንደሚያስቀው፣ ማንን እንደሚያፈቅር፣ በምን እንደሚበሳጭ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት አናውቅም። ለእኛ እሱ የሚወድቅ ሰው ነው፤ አለቀ። ልብ ወለድ የአንጎልና የነርቭ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ምን ይጠቅማል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እዚሁ ላይ ነው። ማልቀስ አያስተምረንም፤ እሱን ድሮም እንችልበታለን። የቀረውን ቀን ያሳየናል።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ስሟን አልጽፍም። «ስለ እኔ መጻፍ ይችላሉ፣ ግን ስሜም ሰፈሬም እንዳይወጣ» ብላኛለች። ስለዚህ ሰፈራችንን ዝም ልበል። ጅማ ውስጥ ወሬ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ከአጂፕ ሰፈር ኮቺ ሰፈር ይደርሳል። ልጅቷ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። የሚጥል በሽታው ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት አለ። እኔ አማርኛ ስለማስተምር «ቲቸር» ነው የምትለኝ፣ አስተምሬያት ባላውቅም።

አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ተነሳባት። መውደቋን ብዙም አላስታውሰውም። የማልረሳው መንቃቷን ነው። የት እንዳለች በቅጡ ሳታውቅ፣ ዓይኗ እንኳ ገና ሳይረጋ፣ እጇ ቀሚሷን ፈልጎ ወደ ታች ጎተተ። ቀጥላ እግሯን አየች። አንዱ ጫማዋ የለም። ዙሪያዋን በእጇ መዳሰስ ጀመረች። ምላሷን ነክሳው ስለነበር ቃሉ ተቆራርጦ ነው የወጣው። «ማን አየኝ?»

ምን ሆንኩ አላለችም። ጭንቅላቴንም አላለችም፤ ምንም እንኳ በኋላ ራሷን ክፉኛ አሟት እስከ ማታ ብትተኛም። ማን አየኝ ነው ያለችው። የእኛ ቤት ሰው ብቻ ነው ስላት ትከሻዋ ወረደ፤ ተንፈስ አለች። ይህን ነገር ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፖስተር አታገኙትም። ፖስተሩ ጥሩ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ጫማ ፍለጋውን ግን አይነግራችሁም።

ይህች ልጅ ጅማ ተወልዳ ጅማ አድጋ ቡና ቆልታ አታውቅም። ቡና አገር ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልተርክም፤ ታውቁታላችሁ። ከሰል አጠገብ መቀመጥ አይፈቀድላትም። እናቷን መውቀስ ይከብዳል። ልጅ ሳለች ምድጃው አጠገብ ጥሏት ክንዷ ተቃጥሏል፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። በሽታው ያለባቸው ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ጠባሳ አላቸው። ክፍት እሳት ላይ በሚበሰልበት አገር በበሽታው ላይ እሳቱም ሌላ ጉዳት ይጨምራል። እናትየዋ ያዩትን አይተው ነው የከለከሉት።

ችግሩ እንግዳ ሲመጣ ነው። ታናሿ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች። ታላቅየዋ ፈንዲሻ ታቀርባለች፣ ስኒ ታጥባለች። አንዴ አንዲት እንግዳ «ትልቋስ ሰነፍ ናት መሰለኝ» ብላ በሹክሹክታ ስታማት ሰምታለች። እናቷም ሰምተዋል። ሁለቱም ዝም አሉ። በኋላ ለምን አልተናገራችሁም ስላት «ሰነፍ ብባል ይሻለኛል» አለችኝ። አሁን አሁን ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንድትቀዳ ተፈቅዶላታል። ስኒዎቹን አትሞላም፣ ከአፋቸው ዝቅ አድርጋ ነው የምትቀዳው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋት ታናሽ እህቷ እስከ አፉ ስለምትሞላ ነው። ከእሷ ለመለየት።

አሁን ትንሽ ስለ በሽታው ልበል፣ ሳላስረዝም። የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ብዙ ሴሎች ሥርዓት አፍርሰው በአንድ ጊዜ ሲለቁት ሰውነት ይንዘፈዘፋል፣ ወይም ሰውየው ለጥቂት ሰኮንድ ፈዞ ይቀራል። ምጥ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት ምት፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ስትሮክ፣ ዕጢ ሊያመጡት ይችላሉ። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይገኝም። አይተላለፍም። የወደቀውን የነካ አይያዝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት፤ 80 በመቶ የሚሆነው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው የሚኖረው። በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ቁጥር ደግማችሁ አንብቧት።

ሰው ሲወድቅ ደግሞ፦ ጠንካራና ሹል ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱን የሚያንቅ ነገር ካለ አላሉ፣ መንዘፍዘፉ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ማንኪያም እንጨትም። አትጫኑት። ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ክብሪቱን ለሲጋራችሁ አስቀምጡት።

ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ጓደኛችን ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት አንባቢዎች አለን። መምህራን አሉ፣ የባንክ ሠራተኛ አለች፣ አንድ ፋርማሲስት አለ። ከቡና ንግድ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ደግሞ አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ሰሞን ያነበብነው ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ስለ ልዑል ሚሽኪን የጻፈውን መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1869 በመጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ልብ ወለድ ነው። ግማሻችን ከቴሌግራም ባወረድነው ፒዲኤፍ ነው ያነበብነው። ጋሼ ፒዲኤፍ አይወዱም፤ የታተመ ፈልገው አገኙ።

ዶስቶየቭስኪ ራሱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። የሚጽፈውን ነገር በገዛ ሰውነቱ ያውቀዋል። ሚሽኪን ስዊዘርላንድ ታክሞ ወደ ሩሲያ በባቡር የሚመለስ ወጣት ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ስድስት መቶ ምናምን ገጽ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሚሽኪን ዓይናችን እያየ የሚወድቀው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አንድ ሰው ቢላ ሲያነሳበት፣ አንዴ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት ግብዣ ላይ። የቀረውን ገጽ ሁሉ ምን ሲያደርግ ይከርማል? ያወራል። ብዙ ያወራል። ሰው ያምናል፣ ይታለላል። ሰው ቤት ውድ የአበባ ማስቀመጫ ይሰብራል። ሁለት ሴቶች መካከል ገብቶ ይወዛገባል። የእጅ ጽሑፉ በጣም ያማረ ነው፤ ስለ ፊደል አጣጣል ሲያወራ አያባራም።

ከመውደቁ በፊት ያሉትን ሰኮንዶች ዶስቶየቭስኪ የጻፈበት ቦታ ዝነኛ ነው። ሚሽኪን ያኔ ልቡ በብርሃን ይሞላል፣ ሁሉ ነገር ትርጉም ያገኛል፣ ለዚያች ቅጽበት ዕድሜ ልክ ቢከፈል አይቆጭም ይላል። ሁሉም ታማሚ እንዲህ አይሰማውም። ጎረቤቴን ስጠይቃት «እኔ የሚሸተኝ የተቃጠለ ጎማ ነው» አለችኝ። እሱም ቢሆን የአንጎል ሥራ ነው፤ መንዘፍዘፉ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ሽታ ወይም ስሜት የሚቀድማቸው አሉ።

ስብስባችንን ያናወጠው ግን ይህ አልነበረም። መጽሐፉ ውስጥ ያለች የአንድ ጄኔራል ሚስት ናት። ልጇ ሚሽኪንን ወዳለች። ሴትየዋም ልዑሉን ትወደዋለች። ግብዣው ላይ ከወደቀ በኋላ ግን ማታ ለራሷ ትወስናለች፦ እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ሰው ልጄን አያገባም። በዚሁ ቁርጥ ሐሳብ ጠዋት ትነሳለች። ቀትር ላይ ደግሞ ራሷ ትገለባበጣለች።

ጋሼ መጽሐፉን ዘግተው «ሴትዮዋ ልክ ናት» አሉ። «እኔም ብሆን ልጄን አልድርም።»

ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ መድኃኒቱን በሥነ ሥርዓት ቢወስድስ? ሁለት ሦስት ዓመት ካልጣለውስ?» አላቸው።

«ከጣለውስ?»

«ስኳር ቢኖርበትስ፣ ጋሼ? ለስኳር ታማሚ ይድራሉ?»

«ስኳር ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ስኳር ሰው ፊት አይጥልህም፣ ልጄ።»

ፋርማሲስቱ ስኳርም እጅግ ሲወርድ እንደሚጥል ሊያስረዳ ነበር፤ አስተናጋጃችን በዓይኗ አስቆመችው። ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው። ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ እኛ። ሰው ቤት ሽማግሌ ሲላክ ይህ በሽታ የሚደበቀው፣ ዘመድ «አብሽሩ፣ ትንሽ ይደክማታል እንጂ ደህና ናት» የሚለው፣ ሁሉም ለዚህ ነው። የሚያስፈራው ሕመሙ አይደለም፤ መታየቱ ነው። ጎረቤቴም ከነቃች በኋላ የጠየቀችው ይኸንኑ ነበር።

ከዚያ የሆነው ነገር ግን ይበልጥ ይገርመኛል። ጋሼ ወጣት ሳሉ የቡና መዝገብ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ የድሮ ሰው ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። ሚሽኪን ስለ ፊደል የሚያወራበት ቦታ ልባቸውን ሰርቆታል። ገጹን አውጥተው አነበቡልን። ይህ ልጅ ብዕር ያውቃል አሉ። ዛሬ ልጆች እንደ ዶሮ ጭረት ነው የሚጽፉት አሉ። እኛም ገባንበት፤ ማን ያስጻፈን መምህር፣ የቀለም ብልቃጥ፣ በአለንጋ የተመታ እጅ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ልዑሉ የእጅ ጽሑፍ ተከራከርን። በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ በሽታው ማንም አላነሳም። የሚወድቀው ሰው ጠፍቶ የሚጽፈው ሰው መጣ። ጋሼ ልጅ ስለ መዳር የነበራቸውን ሐሳብ ቀየሩ ልላችሁ አልችልም፤ አልቀየሩም። ግን ከአንድ የሚጥለው ሰው ጋር ያን ያህል ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ምናልባት የመጀመሪያቸው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፣ ጠንካራ ክርክር ነው። ዊልያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የሩሲያ እመቤት አለች። ቲያትር ቤት ገብታ ለፈጠራ ሰዎች ታለቅሳለች። ውጭ ደግሞ የራሷ ሠረገላ ነጂ ብርድ እየገደለው ነው። እኛስ? የፍቅር እስከ መቃብሯን ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ እየሰማ ያላለቀሰ ትልቅ ሰው ጥሩልኝ። በዚያው ቤት ውስጥ ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቅ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ለሌለች ሴት ያፈሰስነው እንባ ላለችው ሴት አልተረፈም ማለት ነው።

ሳይንቲስቶችም ይህን ለመለካት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ለአጭር ጊዜ ጥሩ ልብ ወለድ ያነበቡ ሰዎች የሌላውን ሰው ስሜት ከዓይኑ በማንበብ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ ይላል። ዓለም ተደሰተ። አስተማሪዎች በተለይ። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያ ውጤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 በርካታ ሙከራዎችን ባንድ ላይ የመረመረ ጥናት ደግሞ ልብ ወለድ ማንበብ የሚያመጣው ለውጥ አለ፣ ግን ትንሽ ነው አለ። እኔን የበለጠ የሳበኝ በዚያው በ2013 ከኔዘርላንድስ የወጣ ሥራ ነው። ታሪኩ ውስጥ የሰመጡ አንባቢዎች ከሳምንት በኋላ ለሰው የመራራት ስሜታቸው ጨምሮ ተገኘ። ታሪኩ ሳይዛቸው እንዲሁ ያነበቡት ግን ጭራሽ ቀነሰባቸው።

ይህ ለእኔ ይገባኛል። ማንም ሰው መጽሐፍ ስለያዘ ደግ አይሆንም፤ ብዙ ያነበቡ ክፉዎች አውቃለሁ። ደግሞም አሥር ደቂቃ አንብቦ የዓይን ፎቶ መገመት ከጋሼ ግማሽ ሰዓት ጋር ምን አገናኘው? እኔ የምፈልገው ስሜት መገመትን አይደለም። ትውውቅ ነው የምፈልገው። ትውውቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስድስት መቶ ገጽ ይፈልጋል፣ መሰላቸት ሳይቀር ይፈልጋል።

ልብ ወለድ ጉዳትም ያደርሳል፣ ይህንን መዝለል አልፈልግም። ያው ዶስቶየቭስኪ ነው የካራማዞቭ ወንድማማቾችን የጻፈው። እዚያ ውስጥ ስሜርዲያኮቭ የሚባል አሽከር አለ። እሱም የሚጥል በሽታ አለበት። ጌታው በተገደለበት ምሽት የወደቀ መስሎ ተኝቶ ነው ከጥርጣሬ ያመለጠው። ገዳዩ እሱ ነው። (መጨረሻውን አበላሸሁባችሁ እንዴ? ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ይቅር በሉኝ።) እ.ኤ.አ. በ1878፣ ይህንን መጽሐፍ ገና ሲጀምር አካባቢ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አልዮሻ ለረጅም ሰዓት በቆየ መንዘፍዘፍ ሞቶበታል። ዋናው ባለታሪክ ስሙ አልዮሻ ነው። አንድ ሰው በሽታው ኖሮበት፣ ልጁን በእሱ ቀብሮ፣ ልዑልም ነፍሰ ገዳይም ከአንድ ሕመም ማውጣቱ ያስቆጣኝ ነበር። አሁን ትክክል ይመስለኛል። ታማሚ ሁሉ መልአክ ከሆነ እሱም ሌላ መገለል ነው። ክፉ የመሆን መብትም መብት ነው። አንድ ብቻ ሲሆን ነው መርዝ የሚሆነው፦ አገሩ የሚያውቀው ታማሚ ስሜርዲያኮቭን ብቻ ከሆነ።

የእኛዎቹ ድራማዎች ችግራቸው ከዚህ ይለያል። ባለታሪኳ ትወድቃለች፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ እናት ደረታቸውን ይመታሉ። ከዚያ ወይ ትሞታለች ወይ በተአምር ትድናለች። በመሃል ያለው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ክኒን መዋጥ የለም። ቀጠሮ የለም። መድኃኒቱ ፋርማሲ ሲጠፋ ሰፈር ለሰፈር መዞር የለም። ጸበል ወይም ሩቅያ ለመሄድ ብሎ መድኃኒት በድንገት ማቆም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የለም፤ ድንገት ማቋረጥ ሳያቋርጥ የሚያንዘፈዝፍ ብርቱ ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። ጸልዩ፣ ዱዓ አድርጉ፤ ክኒኑን ግን አትተዉ። ይህንን በአንድ ትዕይንት የሚያሳይ ደራሲ ቢመጣ እጁን እስመዋለሁ።

ተማሪዎቼን አንዴ ታሪክ አጻፍኳቸው። ባለታሪኩ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፣ በታሪኩ ውስጥ መውደቅ ክልክል ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ ካልወደቀ ምኑ ይጻፋል ታዲያ?» አለ። እሱን ፈልግ አልኩት።

ከጻፉት ብዙው አልረባም፤ አልዋሽም። ባለታሪኮቹ መስኮት ላይ ተደግፈው ዝናብ ያያሉ። በየአንቀጹ ይተክዛሉ። አንዷ ግን ጓደኞቹ ጉማሬ ለማየት ቦዬ ሲሄዱ «ውኃ አጠገብ አትሄድም» ተብሎ ስለቀረ ልጅ ጻፈች። ልጁ ቤት ቁጭ ብሎ ጉማሬ አይቼ መጣሁ ብሎ የሚናገረውን ውሸት ያዘጋጃል። ጆሯቸው ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ሳይቀር። ሌላው ደግሞ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በሩ ጋ ስለማይቀመጥ ወጣት ጻፈ። ረዳቱ «ግባ፣ ግባ፣ እዚሁ ጋ» ሲለው ምን ብሎ እንደሚያመካኝ ብቻ ነው ታሪኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ምክንያት።

ስማቸውን ሸፍኜ ጥቂቶቹን ለጎረቤቴ አሳየኋት። ስታነብ ሳቀች። «እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ያዝናሉ እንዴ? እኔ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የማስበው ስለ ጸጉሬ ነው።» ቦዬን ወደደችው። የታክሲው ላይ ስትደርስ ግን ዝም አለች። መልሳ ከላይ ጀመረችው። «ይሄ ልጅ ማን ነው? አለበት እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም፤ ባውቅም አልነግራትም ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል። በዚያ ስሌት 2,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ 10 ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። እኔ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን በሽታው እንዳለበት በግልጽ የነገረኝ ተማሪ የለም።

ይህ ነገር የሚጥል በሽታ ላይ ብቻ አይቆምም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰው እንዳያያቸው ጫማቸውን ለማሰር የሚቸኩሉ የፓርኪንሰን ታማሚ አሉ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው እናቶች «አረጁ» ተብለው ይታለፋሉ። ሊሳ ጄኖቫ የተባለች አሜሪካዊት የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ አያቷን በዚህ በሽታ ካየች በኋላ ስለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ልብ ወለድ ጻፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በራሷ ገንዘብ ነው መጀመሪያ ያሳተመችው። የሳይንስ መጣጥፍ መጻፍ ለእሷ ቀላል ነበር። ልብ ወለዱን የመረጠችው ቤተሰቡን ሳይሆን ራሷን የምትረሳዋን ሴት ከውስጧ ለማሳየት ነው። ዘወትር የምንሰማው የአስታማሚውን ድካም ነው። የታማሚዋን ሐሳብ ማን ጠየቃት?

ለመድኃኒት ምትክ ልብ ወለድ እያቀረብኩ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ከዶስቶየቭስኪ ይልቅ ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ እሷም ይህንኑ ትነግራችኋለች። በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን የሚከታተሉበት አሠራር አለ። ይህ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ግን ሰው ጤና ጣቢያ ለመሄድ መጀመሪያ ከጓዳ መውጣት አለበት። ከጓዳ የሚያስወጣው ደግሞ ውጭ ያለው ዓይን ነው።

ሰሞኑን ለጎረቤቴ የሚሽኪንን ታሪክ በአማርኛ እየተረክሁላት ነው፣ ቡና ላይ። እህቷ ታፈላለች፣ እሷ ትቀዳለች፣ እናትየዋ ጥግ ላይ ሆነው ያልሰሙ መስለው ይሰማሉ። ግብዣው ላይ ሲወድቅ «መድኃኒት አይሰጡትም እንዴ?» አለች። ያኔ ፌኖባርቢታል እንዳልነበረ ነገርኳት። ለዚህ በሽታ እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ዶስቶየቭስኪ ሞቶ ከ31 ዓመት በኋላ።

«እኔ እሻላለሁ በሉኛ!» አለች። «ልዑል ሆኖም!»

የጄኔራሉ ሚስት የወሰነችው ላይ ስንደርስ እናትየዋ ከጥግ ሆነው «አታውቅም፣ ምን ታውቃለች» ብለው አጉረመረሙ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ልጅቷ ሁለተኛውን ስኒ አቀበለችኝና ቅር ያለው ፊት አሳየችኝ። ታሪኩ ረዘመባት። ከሁለቱ ሴቶች የቷን እንደሚያገባ እስከ አሁን አለመወሰኑ አበሳጭቷታል፤ እሷ ብትሆን ድሮ ትታው ነበር።

«ቲቸር» አለች፣ «ሌላ የፍቅር መጽሐፍ የለዎትም? ማንም የማይወድቅበት።»